ሙዚየሙ ሠርግ የሄደ ዕለት

ነገሌ ቦረና የሄድኩት ስለ ከተማው ሙዚየም ለመጻፍ ነበር። ሙዚየሙ አንድ ክፍል ነው። ኃላፊው በጦር ሰፈሩ አጠገብ ያደገ የወታደር ልጅ ሲሆን፣ ዕቃ የሚነካው ነጭ ጓንት አጥልቆ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ሳልጨርስ አንዲት የቦረና እናት ገቡ፤ "አካም፣ ናጋ?" ብለው ከጨበጡን በኋላ መስተዋት ውስጥ ወደተቀመጠው የወተት ዕቃ ጠቆሙ።

"ጎርፋዬን ልወስድ ነው።"

ጎርፋ ከተክል ሥር ክር ተሸርቦ በጭስ የሚታጠን የወተት መያዣ ነው። ይህን ራሳቸው ሠርተው ለሙዚየሙ የሰጡት ሴትዮዋ ናቸው። በማግስቱ ልጃቸው ወደ ዱብሉቅ ከተማ ልትዳር ነው፤ ሙሽራ ደግሞ ከእናቷ ቤት ወተት የሞላ ጎርፋ ይዛ ትወጣለች። ለሠርጉ የሠሩትን አዲሱን ሲያጥኑት እሳት በላው። ሌላ ለመሥራት ወራት ይፈጃል።

"እናቴ፣ እዚህ የገባ ቅርስ ነው፤ አይወጣም" አላቸው ኃላፊው።

"እንዲታይ ሰጠሁህ እንጂ እንዲደርቅ ሰጠሁህ? እኔንም ወተት ነስተህ ብትዘጋብኝ ቅርስ እሆንልሃለሁ።"

"ዕቃው ከዐይኔ ሊርቅ አይችልም።"

"እንግዲያው ዐይንህን ይዘህ ሠርጉ ላይ ና፣ ልጄ።"

ሰውዬው መስተዋቱን ከፈተና ወደ እኔ ዞረ። "አንተም ምስክር ሁነኝ" አለኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ኃላፊው ጓንቱን አጥልቆ፣ ታጥኖ ወተት የተሞላውን ጎርፋ አቅፎ መኪና ውስጥ ከሙሽራዋ ጎን ተቀመጠ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ወተቱ ደረቱ ላይ ይፈስሳል፤ እሱ ግን ክዳኑን እንጂ ሸሚዙን አላየም።

ዱብሉቅ ስንደርስ ሴቶች ጓንቱን አይተው ልጆቻቸውን ይዘው ተሰለፉ።

"ክትባት ነው?" አለች አንዷ።

"ሙዚየም ነኝ።"

"እሱስ የት ላይ ነው የሚወጋው?"

የሙሽራው እናት ጎርፋውን ተቀብለው ቤት ውስጥ ሰቀሉት። ወተቱ ከተቀመሰ በኋላ ኃላፊው ተጠግቶ፣ ዕቃውን ይዞ መመለስ እንዳለበት በጨዋ ደንብ ነገራቸው።

"ሙሽራይቱንም ትመልሳታለህ?" አሉት።

"አይ፣ እሷ ትቅር። ዕቃውን ብቻ።"

የሙሽራው አጎቶች እርስ በርስ ተያዩ። ሙሽራዋ አንገቷን እንደደፋች፣ "ጋሼ፣ አሁን ከወሰዱት እናቷ በውሰት ዕቃ ዳረቻት ይባላል። እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ ነው የሚወራብኝ" አለችው።

ኃላፊው ጎርፋውን አየ። እሷን አየ። እኔን ሲያይ ማስታወሻዬን አጠፍኩ፤ ምክር መስጠት ሥራዬ አይደለም። ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

"ሙዚየሙ ለሙሽሪት ስጦታ አበርክቷል" አለ።

ዕልልታው ቀለጠ። ይህን ለመወሰን ሥልጣን ይኑረው አይኑረው አልጠየቅኩትም፤ ያን ያህል ጨካኝ ጋዜጠኛ አይደለሁም።

ስንነሣ የሙሽራው እናት አስቆሙን። ስጦታ ያመጣ እንግዳ ባዶ እጁን ከቤታቸው አይወጣም አሉና የራሳቸውን ጎርፋ ሰጡት፤ በጭስ የጠቆረ፣ ከወሰድነው እጅግ ያረጀ። እንደ ደንቡ እስከ አፉ ወተት ሞልተውታል።

መኪናው ውስጥ ኃላፊው ብዙ አሰበ።

"ከነወተቱ መስተዋት ውስጥ አይገባም" አለኝ።

"አይገባም።"

"ስለዚህ ወተቱ እስኪያልቅ ቅርስ አይደለም ማለት ነው።"

ከፈተውና ጠጣ፤ ከዚያም አቀበለኝ። ሜዳው ላይ ፀሐይዋ እየጠለቀች፣ ሁለታችን ለሙዚየሙ ሠራን።