ማባዣ መኪና እንደ በሬ ስንገዛ

መርሳ ትምህርት ቤት በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ታይፕ በምመታበት ጊዜ የራሳችን ማባዣ መኪና አልነበረንም። ፈተናውን ስቴንስል በሚባለው የሰም ወረቀት ላይ መትቼ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ሰው ወልድያ ይወስደውና ተራ ጠብቆ ያስባዛዋል። አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ፈተናው ሲሪንቃ ላይ ከተበላሸ አውቶቡስ ጋር ቆሞ ዋለ። የወላጆች ኮሚቴ "በቃ፣ የራሳችንን እንግዛ" ያለው ያን ጊዜ ነው።

በደርግ ዘመን ማባዣ መግዛት ጠመንጃ ከመግዛት ብዙም አይለይም፤ ወረቀት የሚያባዛ ሁሉ ይጠረጠራል። ፈቃዱ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ፣ "ታይፕ የሚመታውም የሚያባዛውም አንድ ሰው ነው፤ በቋሚነት የምንቀጥረውም እሱን ነው" ብሎ ተናገረ። እናቴንና ታናናሾቼን የማስተዳድረው በዚያች ደመወዝ ነው። ቀኝ ክንዴ ደግሞ ልጅ ሆኜ ከዋርካ ላይ ወድቄ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ሲያስረው ተጣሞ ገጥሟል። ጣቶቼ ደህና ናቸው፤ ታይፕ በመምታት ማንም አይቀድመኝም። ክንዱ ግን አይዘረጋም።

ስለዚህ ልቤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ላይ ነበር። ቁልፍ መጫን ማንን ያቅተዋል! ዳይሬክተሩም ለዘመናዊነቱ ሲል እሱኑ ወደደው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን ሐጂ ነበሩ፤ ግራና በሚባለው ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ሁሉ እሳቸውን ሳያማክር አይገዛም።

"መርሳ መብራት የሚመጣ ሲመሽ ነው። ቀን የሚተኛ በሬ ማን ይገዛል?" አሉ።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። እውነታቸውን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

በእጅ የሚዘወረው እንዲገዛ ተወሰነ። ዳይሬክተሩ፣ "እንግዲያው ሐጂ፣ አንቱና እኔ ሄደን እናምጣው" አላቸው።

"ልጅቱስ? በሬ ከጥማዱ ጋር ሳይሞከር ይገዛል እንዴ?" አሉ ሐጂ ወደ እኔ እያመለከቱ።

እኛ አገር በሬ የሚገዛ ሰው፣ ሻጩ ከፈቀደለት፣ የራሱን በሬ አምጥቶ አብሮ ይጠምድና ጥቂት ትልም አርሶ ያያል። ከበሬ ጋር መቆጠሬ ቅር አላለኝም። መሞከሬ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ወልድያ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባን። ሻጩ ይዤው የሄድኩትን ስቴንስል ሲሊንደሩ ላይ ለጥፎ ቀለሙን አስተካከለና "በይ ሞክሪው" አለኝ። መዘወሪያው በቀኝ በኩል ነው። ያዝኩት፤ ወደ ታች እሺ ብሎ ወረደ፤ ወደ ላይ ሲመለስ ክንዴ እምቢ አለ። ወረቀቱ መሐል ላይ ተጨማደደ። ደግሜ ብሞክር ያው ሆነ።

ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጉልበት ያለው ወንድ ብንፈልግ ሳይሻል አይቀርም" አለ።

እንባዬ ሊመጣ ነበር፤ ንዴቴ ቀደመው። ዞሬ ከመኪናው ጀርባ ቆምኩ። ከዚያ በኩል መዘወሪያው ለግራ እጄ ይመቻል።

"እህቴ፣ በዚያ በኩል እኮ አይቆምም!" አለ ሻጩ።

"ማን ከለከለ?" አልኩና ዘወርኩት። አንዱ ወረቀት ወጣ፤ ሌላው ተከተለው፤ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። አላቆምኩም። ሻጩ "ኧረ ወረቀቴን ጨረስሽው!" እስኪለኝ ድረስ ዘወርኩት።

"እንዲህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም" አለ ዳይሬክተሩ፣ ደስ ሳይለው።

ሐጂ ወደ እሱ ዞሩ። "ቀኝ የለመደ በሬ አለ፤ ግራ የለመደም አለ። ግራ የለመደውን በቀኝ ጠምደህ ሰነፍ ነው ትላለህ?" ለእኔም "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ።

ዳይሬክተሩ ሻጩን "ጫንልን" አለው፤ ወደ እኔም ሳያይ፣ "ሰኞ የቅጥር ማመልከቻሽን አምጪ" አለ።

መርሳ ቆላ ነው። ያም ሆኖ ሰው ክንዴን እንዳያየው በጋ ከክረምት ሹራብ እለብስ ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሞቀኝ አልኩና አወለቅኩት።