ሁለት ሰው የሚከፍተው ዲስክ

ጠይባ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ከመተማ ተሻግሮ ሱቅ ነግዶ ያስተማራት ልጅ ናት። ካርቱም ኮምፒውተር ተምራ እዚያው ስትሠራ ጦርነቱ መጣና የለበሰችውን ብቻ ይዛ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። አንድ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ቀጠራት።

ሆስፒታሉ ሰርቨሮቹ ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ትልቅ የዲስክ ማከማቻ ከፖርት ሱዳን አስመጥቶ ነበር። የሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ሙዲሩ ዶክተር ሉጥፊ፣ ቸኩለዋል።

«ገመዱን ሰክተሽ ልቀቂው፤ በሽተኛ ደጅ ላይ እየሞተ ነው» አሏት።

«ዶክተር፣ እንዲሁ ከለቀቅነው መድኃኒት ቤቱም፣ ሒሳብ ክፍሉም፣ መፋዛ ከተማ ያለው ክሊኒካችንም የሁሉንም ዲስክ ያያል። አንዱ በር ከተሰበረ ቤቱ በሙሉ ተዘረፈ ማለት ነው።»

እያጉረመረሙ ፈቀዱላት። ጠይባ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ዲስክ ብቻ እንዲያይ፣ የሌላው መኖሩን እንኳ እንዳያውቅ አድርጋ ከፋፈለችው። ከሁሉ ያስጨነቃት በጥይት የቆሰሉት መረጃ ነበር። በዚያ ጦርነት ቁስል ራሱ ክስ ነው፤ «ይሄ ለማን ሲዋጋ ተመታ?» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ሐኪም የሚያክመውን ሰው ብቻ እንዲያይ፣ ሁሉንም በጅምላ ለማውጣት ግን ሁለት ሰዎች የየራሳቸውን የይለፍ ቃል እንዲያስገቡ አደረገች። አንዷ እሷ ናት። ሁለተኛው የጄኔሬተር ባለሙያው ሶፎኒያስ፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ዝምተኛ ሰው።

«እኔን ምን ዶለኝ ጠይባዬ?» አላት።

«ሌላ የማምነው የለኝም ጋሼ።»

ሳይወድ እሺ አላት።

ጠይባ የተበላሸ መስመር ልትጠግን መፋዛ በሄደችበት ቀን ታጣቂዎች ሆስፒታሉ ገቡ። የቆሰሉትን ሁሉ ስም ከነመኖሪያቸው ፈለጉ። ሙዲሩን ላብ አጠመቃቸው። «እኔ አልከፍተውም፤ ሁለት ሰው ነው የሚከፍተው» ብለው ስም ጠሩ። ሶፎኒያስን ከጄኔሬተሩ ሥር ጎትተው ወሰዱት።

ሙዲሩ ወዲያው ለጠይባ ደወሉላት። «የይለፍ ቃልሽን ንገሪኝ ልጄ። እሱ የራሱን ሰጥቷል፤ ያንቺ ብቻ ነው የቀረው። አለዚያ ሬሳውን ነው የምንቀበለው።»

ስልኩን ዘግታ የክሊኒኩ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ብትሰጥ አልጋ ላይ ያሉትም፣ ድነው የወጡትም ይታደናሉ። ብትከለክል ሶፎኒያስ አለቀለት። ማውጣቱን ለሁለት ሰው ስታስር ማጥፋቱን ለክፉ ቀን ብላ ለራሷ ብቻ ትታው ነበር። የሚከፈት ነገር ከሌለ እሱን የሚይዙበት ምክንያት አይኖራቸውም ብላ አሰበች፤ ወይም እንዲያ ብላ ራሷን አሳመነች። ዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ ሁሉ አጠፋችው።

ለሙዲሩ መልሳ ደወለች። «ጠፍቷል። እኔም ብመጣ አይመለስም፤ ይህንኑ ንገሯቸው።»

«ኸላስ፣ አለቀ በቃ፤ ጉድ ሠራሽን» አሉ።

ሶፎኒያስን ከከተማ ውጭ ማሽላ እርሻ ዳር ጥለውት ሄዱ። በሕይወት ነበር፤ ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች አልታዘዝ አለው። በሆስፒታሉ ሐኪሞቹ ለማን ምን እንደሰጡ በግምት ሲፈልጉ ሰነበቱ። ሰውዳ የምትባል፣ በጥይት ቆስላ ከሲንጃ ተፈናቅላ የመጣች እናት፣ ሰውነቷ የማይቀበለውን መድኃኒት ተወጋችና ሞተች። እንደማይስማማት የተጻፈው ጠይባ ባጠፋችው ዲስክ ላይ ነበር።

ጠይባ ታጣቂዎቹ እንዳያውቋት ፊቷን ተሸፋፍና ሶፎኒያስ ቤት ሄደች። ሚስቱ ብፅአት በሩን ከፈተችላት እንጂ ሰላም አላለቻትም።

«ማረኝ ጋሼ» አለች፣ እግሩ ሥር ተንበርክካ።

«ገና በመጀመሪያው ዱላ ነው የሰጠኋቸው» አላት ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ። «ለዲስኩ ሁሉን አሰብሽለት። እኔ ቢይዙኝ ምን እንደምሆን ግን አንድም ቀን አላወራሽኝም።»

ጠይባ ከተንበረከከችበት ተነሣች። ብፅአት «በይ ሂጂ፣ ሰው ሳያይሽ» ብላ አስወጣቻት።

በድንበሩ ከተማ በገላባት በኩል በሰሊጥ ጭነት መኪና ተሻግራ መተማ አክስቷ ሱቅ ገባች። አንድ ቀን እያነከሰ የመጣ ወጣት ተሸካሚ ለሳሙና ሲከፍል አየችው፤ ገዳሪፍ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ታውቀዋለች። እሱም ለያት።

«የሆስፒታሏ ልጅ አይደለሽም? ዳሌዬ ውስጥ ብረት ቀርቷል። ጎንደር ያለው ሐኪም የድሮውን ራጅ አምጣ አለኝ። ልታስልኪልኝ ትችያለሽ?»

«አይገኝም» አለችው።

ለምን እንደማይገኝ አልነገረችውም። ሳሙናውን ጠቅልላ ሰጠችው፤ እሱም እግሩን እየጎተተ ወደ ጭነቱ ተመለሰ።