ልጄ የሣለችው የሙታን ምግብ ቤት

ይህ የደረሰብኝ ሀርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ ገና ቤት በቤት ስትጠገን በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬም ሩዝ ባቀረብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከኢትዮጵያ መጥቼ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ምግብ እሸጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሐጂ ጃማ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛ ይችላሉ። ታናሽ ወንድማቸው የሞተው በጦርነቱ ነው። ምሳቸውን እኔ ጋ ይበሉ ነበር።

ልጄ ሰሚራ ከቪዲዮ ቤት ስለ ዞምቢ፣ ማለትም ከመቃብር ተነስቶ ስለሚሄድ ሙት፣ ሰምታ መጣች። ከዚያ ሙታን የሚመገቡበትን ምግብ ቤት በብዙ ወረቀት ላይ ሣለች፤ ንግግራቸውንም በአማርኛ ጻፈችበት። አንዱ ሙት እንደ ፊልሙ እጁን ዘርግቶ ይገባል፤ አስተናጋጇ “እጅህን ሰብስብ፣ ብርጭቆ ትሰብራለህ” ትለዋለች። ሌላው የህንድ ፊልም ዘፈን ሲሰማ ተነስቶ ይጨፍርና ክንዱ ወልቆ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ደንበኞቼ እየተቀባበሉ ሳቁ። እኔ ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል ስላላለፈ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ፍርሃት ያዘኝ። በዚህ ከተማ ሰው ያልሞተበት ቤት የለም። ሐጂ ይህን ካዩ ቤቴን ልቀቂ ይሉኛል፣ ልጄን ይዤ የት እገባለሁ ብዬ ወረቀቶቹን ደበቅኩ።

ለምሳ ሲመጡ ግን ሰው ሳይነግራቸው ልቅደም አልኩ።

“ሐጂ፣ ልጅ ናት፤ ስለ አላህ ብለው ይማሯት።”

“ምን አደረገች?”

ምንም አልሰሙም ነበር! እጃቸውን ሲዘረጉ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ሳይስቁ ገለጡ። ሰሚራ ማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ሙት ሩዝ ይበላል፤ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

“የሰሚራ እናት፣ የዚህ ሩዝ ሙዙ የታለ?”

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሙዝ አልተሣለም። እዚህ አገር ሩዝ ያለ ሙዝ አይቀርብም፤ እኔም ያለ እሱ አቅርቤ አላውቅም።

“ወንድሜ ሙዝ ከሌለ ሳህኑን ይመልስ ነበር” አሉ። “ከተነሳማ መጀመሪያ የሚጣላው ከዚህች አስተናጋጅ ጋር ነው።”

ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዓይናቸውን በኮፊያቸው ጠረጉ።

ሰሚራ እርሳስ አምጥታ ሙዝ ስትጨምር፣ “ሁለት አድርጊለት” አሏት።

እኔ አሁንም ፈሪ ነኝ፤ ልጄ የምትሠራውን ሁሉ ቀድሜ አያለሁ። ያንን ወረቀት ግን አልጣልኩትም። ሩዝ ሳቀርብም ሙዙን አስቀድማለሁ።