ሰማዩ የእኛ በሆነበት ኅዳር

ከሶማሊያ ጋር በተዋጋንበት ዓመት፣ በኅዳር፣ የጠላት አውሮፕላን ከሰማያችን እንደ ጠፋ በሬዲዮ ተነገረ። ጎባ ላይ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ባልደረቦቼ ሲያጨበጭቡ እኔ ቀላሉን ስሌት ሠራሁ፤ ከላዩ የሚፈራው የሌለ አብራሪ ቁልቁል ለማየት ጊዜ ያገኛል። ቁልቁል ያለነው ደግሞ እኛ ነን።

በዚያው ሳምንት በሪራ መንገድ ፈረሰኞች ከአየር ተመቱ ተባለ። ወንበዴ ይሁኑ ማር ጫኝ ያጣራ አልነበረም።

ቅዳሜ ገሰራ አጠገብ ወዳለው የአባቴ እርሻ ሄድኩ። ገብሱ ደርሶ ስለነበር አባቴ ደቦ ጠርቷል፤ ሠላሳ ጎረቤቶች ያጭዳሉ። ፈረሶቻቸው እንደ ልማዱ ኮርቻ እንደ ተጫኑ፣ በቀይ ዘርፍ እንዳጌጡ፣ በአንድ ረድፍ ታስረዋል። ከላይ ለሚያይ ይህ ደቦ አይደለም፤ ጦር ነው።

«አባባ፣ ኮርቻው ይውረድ። ፈረሶቹም ይበተኑ።»

«የእንግዳ ኮርቻ ላወርድ? ሊያድሩ መጡ እንዴ? አውሮፕላኑ እንደ ሆነ የራሳችን ነው።»

«የራስዎ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። እርስዎ የእሱ ወገን መሆንዎን እሱ በምን ያውቃል?»

አንዱ ጎረቤት ከነማጭዱ ቀና አለ። «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ እንጠንቀቅ! አስተማሪዋ ልትፈትነን ነው!»

ሳቁ። እኔ ወደ ፈረሶቹ ሄጄ የመጀመሪያውን ፈረስ የኮርቻ መቀነቻ ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አባቴ መጣና አራተኛውን ፈታ። አላመነኝም፤ ልጁ በእንግዶቹ ፊት ብቻዋን ስትዳፈር ማየት ስላልቻለ ነው። ፈረሶቹን በየዳገቱ በትነን ስንመለስ አጫጆቹን እንዲህ አልኳቸው፦ «የአውሮፕላኑን ድምፅ ስትሰሙ ማንም እንዳይሮጥ። የሚሮጠውን ነው የሚፈልገው።»

እኩለ ቀን ላይ አውሮፕላኑ መጣ። ሁለት ጊዜ በላያችን ዞረ። ያ ቀልደኛ ጉልበቱን ለሩጫ ሲያዘጋጅ አየሁት።

«እጨድ!» አልኩት። በዕድሜ አባቴን ያህላል፤ አንቱታውን የማስታውስበት ጊዜ አልነበረም። አጨደ። አባቴ ጣቱን በማጭዱ ቆርጦ ነበር፤ ማጨዱን ግን አላቆመም። ድምፁ ወደ ሮቤ ራቀ።

«በሉ እንግዲህ፣ ፈረሶቹ ይጫኑ» አለ አባቴ።

«አይጫኑም። ሊመለስ ይችላል።»

«በማን ትእዛዝ?»

«በእኔ።»

ሲመሽ እንግዶቹ ኮርቻቸውን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው፣ ፈረሶቻቸውን እየሳቡ፣ ባዘዝኩት ርቀት አንድ በአንድ ወጡ። እየረገሙኝ ነው የሄዱት። በሩ ላይ ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳውም ረገሙኝ።