ለሣር የማትሆነዋ መንጠቆ

በ1973 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቦሌ ታላቅ ወንድሜ ቤት መጥቶ ከመንጠቆ ሳጥኑ ውስጥ አንዷን መረጠ። የመረጣት ለሣር የማትሆነዋን ነበር። ወንድሜ ይህን እያወቀ ሰጠው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

ወንድሜ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። ሰው ጠቁሞበት ታስሮ፣ ለምን እንደታሰረ ሳይነገረው ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ሥራ በሌለው ቀን ቤት መቀመጥ አቃተው። ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል። ደህና የሚሆነው ከአቃቂ ኬላ ወዲያ ካለው ግድብ ዳር ቆሞ ክር ሲወረውር ብቻ ነበር። ኬላውን ለማለፍ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል፤ ይለፉ በየወሩ ይታደሳል፤ የሚያድሰው ሊቀመንበሩ ነው። የዚያን ወር ሊያሳድስ ሲሄድ ሊቀመንበሩ፣ «በየሳምንቱ ዓሣ ዓሣ ትላለህ። እስቲ አብሬህ ሄጄ የምታወጣውን ልየው፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለው።

ግድቡ ከላይ ሲያዩት የጠራ ይመስላል። ከሥሩ ግን ጥቅጥቅ ያለ ሣር ነው፤ አምባዛ የሚባለው ዓሣ የሚተኛው ደግሞ እዚያ ሣር ውስጥ ነው። እዚያ የሚገባ መንጠቆ ራሱ ላይ እርሳስ ይጣበቅበታል። እርሳሱ ሾጠጥ ያለ መሆን አለበት፤ ክብ ከሆነ ሣር እየሰበሰበ ይመጣል። ከበድም ይበል፤ ቀላሉ ሣሩ አናት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብረቱ ዓሣውን ከነሣሩ ጎትቶ የሚያወጣ ወፍራም ይሁን። ከጫፉ ፊት ደግሞ መከላከያ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ሣር ሲነካው የማይበገር፣ ዓሣ ሲነክሰው ግን የሚታጠፍ። ወንድሜ እነዚህን የሚሠራው በገዛ እጁ ነበር። እርሳሱን ሾላ ገበያ አጠገብ ካሉት ጎሚስታዎች ለምኖ ያቀልጠዋል፤ ሽቦውን ከአሮጌ የፍሬን ካቦ ይመዛል፤ ዓሣውን የሚያታልለውን ጭራ ከብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ በቀጫጭኑ ይቆርጣል። ጥቋቁር፣ ለዓይን የማይስቡ ነገሮች ነበሩ።

አንዷ ግን የውጭ ናት። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄዳት። ራሷ ክብ፣ ገላዋ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ ቀይ ላባ ያላት፣ ጫፏ ያልተከለለ። ለጠራ ውኃ የተሠራች ናት። ወንድሜ አንድም ቀን ግድቡ ላይ አልወረወራትም።

«ይምረጡ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለና ሳጥኑን ከፈተለት። እኛ ቤት እንግዳ ቀድሞ ይመርጣል፤ የመረጠውንም አይሆንም አይሉትም። ወንድሜ ሊቀመንበሩን በብዙ ዓመት ይበልጠዋል። እሱ ወንድሜን አንተ ይለዋል፤ ወንድሜ እሱን አንቱ ይለዋል።

ሊቀመንበሩ ጥቁሮቹን በጣቱ ገፋ ገፋ አደረጋቸው። «እነዚህ ምንድን ናቸው? በረሮ ነው እንዴ የምታጠምደው?»

«ለሣር ናቸው፣ ጓድ።»

«ሣሩን በሬ ይብላው። እኔ የመጣሁት ለዓሣ ነው።» የምታብለጨልጨዋን አነሣ። «ይቺን ለማን ደብቀህ ነው?»

«ለእርስዎ ትሁን።»

ወንድሜን ጓዳ ጠርቼ፣ «ንገረው እንጂ፤ ገና ስትገባ ሣር ትይዛለች» አልኩት።

«ቤቴ መጥቶ የመረጠውን ከእጁ ልውሰድበት? ተወው፣ ደስ ይበለው። ይለፌን ይፈርምልኝ።»

ያኔም ተናደድኩ፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ወንድሜን ያሳደገው ይሉኝታ እግሩን ሰቅሎ ለተቀመጠ ባለጊዜ ሲነጠፍ ቆሜ አየሁ።

በወንድሜ አሮጌ ፊያት ሄድን። ግድቡ ዳር ሊቀመንበሩ ገና እንደወረወረ ክሩ ተወጠረ። «ያዝኩ» አለ። የያዘው ሣር ነበር። ወንድሜ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ አላቀቀለት። ደግሞ ወረወረ፤ ደግሞ ሣር። በዚህ መሃል ወንድሜ ከጥቁሮቹ አንዷን ሣሩ መሃል ጣለ፤ እስኪሰምጥ ጠበቀ፤ ነቅነቅ አደረጋትና ክንድ የሚያህል አምባዛ አወጣ።

«ጓድ፣ እስቲ በዚህች ይሞክሩ» ብሎ ዘንጉን ዘረጋለት። ሊቀመንበሩ አልተቀበለም። በንዴት ሲጎትት ክሩ ተበጠሰና ያቺ የውጭዋ እዚያው ሣር ውስጥ ቀረች።

ባዶውን ዘንግ መሬት ላይ ጣለው። «ይቺ እዚህ እንደማትሠራ ታውቅ ነበር?»

ወንድሜ መዋሸት አይችልበትም። «አውቅ ነበር፣ ጓድ። እንግዳ ስለሆኑ ምርጫዎን…»

«ለሕዝብ ተመራጭ የማይሠራውን ሰጥተህ፣ የሚሠራውን ለራስህ። ይሄ ስም አለው። አሻጥር ይባላል።»

ቃሉን አውቀዋለሁ። ስኳር በደበቁና እህል ባከማቹ ሰዎች ላይ እኔ በምሠራበት ጋዜጣ እናትመው ነበር፤ የታተመበት ሰው ምን እንደሚደርስበትም አውቃለሁ።

«ጓድ፣ የመረጡት እርስዎ ነዎት። ጥቁሮቹ ለሣር ናቸው ብሎዎታል፤ እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ።

«አንተ የምትጽፍበት ጋዜጣ የለህም? እሱን ጻፍ።»

በፊያቱ ተመለስን። ሊቀመንበሩ ቦሌ ሲወርድ ሳጥኑን «ለማጣሪያ» ብሎ ያዘ። አምባዛውንም ያዘ፤ ለእሱ ግን ምክንያት አልሰጠም። ወንድሜ በሩን ከፈተለት፤ ጎንበስ ብሎም ተሰናበተው። የዚያን ቀን ካየሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የማልውጠው ያንን ጎንበስ ማለት ነው። ስድብ ቢሆን፣ ጥፊ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ወንድሜ ቀበሌ ሄደ። ይለፉ አልታደሰለትም። በሰኔ ጠየቀ፤ በሐምሌም ጠየቀ። አልታደሰለትም።

በነሐሴ ለሥራ በአቃቂ ሳልፍ ኬላው ላይ የቆመውን ዘብ ስለ ሊቀመንበሩ ጠየቅኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የመንጠቆ ሳጥን ይዞ እንደሚያልፍ፣ ከሰዓት በኋላ አምባዛ ይዞ እንደሚመለስ ነገረኝ። ተራውን የተቀበለውን ዘብም ጠየቅኩ። እሱም አይቷል።