የመስቀል ቀሚስ

አባቴ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለመስቀል ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት፣ በባጃጅ ይመጣ ነበር። ሐዋሳ ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። እኔና እናቴ ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ፣ ተከራይ በሞላበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችን። በር ላይ ደርሶ ክላክስ ካላስነፋ ከባጃጁ አይወርድም። ሰው ሁሉ ብቅ ብቅ ሲል ነው ቀሚሱን ከፌስታል አውጥቶ ትከሻዬ ላይ የሚለካው። ቀይ ቀሚስ፣ ነጭ ካልሲ፣ ደስ ካለው ዶሮም።

«ጮክ ብለሽ አመስግኚ እንጂ፣ ጎረቤት ይስማ!» ይለኝና ይስቃል።

አከራያችን እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል። እናቴም ውለታ ቢስ እንዳትባል «እግዚአብሔር ይስጥልን» ትላለች። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው መስቀል ድራሹ ይጠፋል።

የቀረውን ዓመት እናቴ ነበረች የምትሸፍነው፣ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ አንሶላ እያጠበች። ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች። ያኔ ዲላ ያለችው አክስቴ «ልጅቷን ላኪልኝ፣ ልጆቼን እያየችልኝ ትኑር» ብላ ደወለች። እናቴ አባቴን የከሰሰችው ለዚህ ነው፣ ለሌላ አይደለም። ቀለብ ከተቆረጠልኝ ከእሷ ጋር እቀራለሁ፤ ካልተቆረጠልኝ ዲላ ሄጄ የሰው ልጅ አዝላለሁ።

በቀጠሮው ጠዋት እናቴ ገላዬን አጠበችኝ። እትዬ ፀጉሬን ሹሩባ ሠሩኝ። ዳኛ ፊት በተቀደደ ልብስ አይቀረብም፤ ድሃ ብንሆንም ሰው ነን፣ እናቴ የምታውቀው ይህንን ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ያልተቀደደው ልብስ ደግሞ ያው ቀዩ ቀሚስ ብቻ ነበር። አለበሰችኝ። ነጩን ካልሲም አጠለቀችልኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ካልሲ ነው፤ ማታ በሳሙና ስታሸው ነበርና።

አባቴ አዳራሹ ውስጥ ገና ሲያየኝ ፊቱ በራ። ተራው ሲደርስ ብዙም አልተናገረም።

«ክቡር ዳኛ፣ ልጅቷን ይዩልኝ። ከላይ እስከ ታች የለበሰችው እኔ የገዛሁትን ነው። የተጎዳች ትመስላለች?»

ዳኛው አዩኝ። ሹሩባዬን፣ ቀሚሴን፣ ካልሲዬን አዩ።

ከዚያ ምስክር ብሎ የጠራው ማንን ነው? እትዬን! ጠዋት ፀጉሬን የሠሩኝን እትዬን። መጥሪያው ሲደርሳቸው ፈርተው ለእናቴ ሳይነግሯት ቀርተዋል። ምለው ቆሙ፣ ያዩትንም ተናገሩ።

«አዎ፣ ያመጣል። በዓይኔ አይቻለሁ። መርቄዋለሁም።»

«በሌላው ጊዜስ?» አሏቸው ዳኛው።

«እሱን እንግዲህ… ሰው ጓዳ ገብቼ አላይ።»

አልዋሹም። ቢዋሹ ይሻለኝ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ፍርዱ ተሰጠ፤ አባትየው ልጁን እንደሚያለብስ ተቆጥሮለት የተቆረጠልኝ ቀለብ የቤት ኪራዩን እንኳ የማይሞላ ሆነ። እሱንም ቢሆን አንድ ጊዜ ከፍሎ ተወው። እናቴ ለማስፈጸም እንደገና ልትከስ አስባ ነበር፣ ግን የታክሲውም የጉልበቱም አለቀባት። ዲላ ሄድኩ። ቀሚሱ አብሮኝ ሄዶ ለአክስቴ ልጅ ሆነ።

አሁን ሐዋሳ ተመልሼ መሃል ከተማ ቢሮ እሠራለሁ፤ እናቴ ከእኔ ጋር ነች። አባቴ ሱቁ ከስሮ ተዘግቷል፣ እግሩን ያመዋል፣ እሱም በተራው ተከራይ ሆኗል። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ላከብኝ። ለኪራይና ለመድኃኒት በየወሩ እንድቆርጥለት ነው። ሽማግሌዎቹ ልጅም አባቱን እንዲጦር ሕግ እንደሚያስገድድ፣ እምቢ ካልኩ ሊከሰኝ እንደሚችል በትሕትና አስረዱኝ። ልክ ናቸው፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል። «ላስብበት» ብዬ ሸኘኋቸው።



የመስቀል ዋዜማ ዕለት ሸሚዝ ገዛሁ። ጥሩ ሸሚዝ፣ ነጭ። ባጃጅ ተኮናትሬ ወደሚኖርበት ግቢ ሄድኩና በሩ ላይ ክላክስ አስነፋሁ። ተከራዮቹ ብቅ ብቅ አሉ። አባቴ በከዘራው እየተደገፈ ወጣ። ሸሚዙን ከፌስታል አውጥቼ ትከሻው ላይ ለካሁለት። ሴቶቹ «ወልዶ መሳም እንዲህ ነው! ተባረኪ!» እያሉ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እኔም ለምስክርነት ፊታቸውን አንድ በአንድ በልቤ ያዝኩት።

አባቴ ሸሚዙን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ገብቶታል።

«ጮክ ብለው ይመርቁኝ እንጂ አባባ» አልኩት፤ «ጎረቤት ይስማ።»