የተመላሾች መጽሔት

ፕሮግራመሩን መሥሪያ ቤት ውስጥ «ተመላሹ» ይሉታል። ፊት ለፊት አይሉትም እንጂ እሱም ያውቃል። «ኔትወርክ ሲቋረጥ የተጻፈው እንዳይጠፋ» የሚል ንግግር በፕሮግራመሮች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ላቅርብ ብሎ ስድስት ዓመት አመለከተ፤ ስድስቴም በትሕትና መለሱት። ይህን ነገር አንዴ እንኳ መድረክ ላይ ቆሞ ሳይናገር መሞት አይፈልግም። አስተማሪዋ ሚስቱ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ ጽሑፉን ታርምለታለች።

በስድስተኛው ደብዳቤ ደሙ ፈላ። «እነሱ የጣሉትን እኔ አወጣዋለሁ» አለና ውድቅ የሆኑ የንግግር ሐሳቦችን ብቻ የሚያትም መጽሔት ድረ ገጽ ላይ ከፈተ። ሕጉ አንድ ነው፦ የውድቅ ደብዳቤ ያላያያዘ አይስተናገድም። ወይ ጉድ፣ ለካ አገሩ ሁሉ ተመላሽ ኖሯል። በሁለት ወር መቶ ምናምን ጽሑፍ ጎረፈለት። አንዳንዱማ ደብዳቤውን እንደ ዲፕሎማ አሳምሮ ነው የሚልከው። እሱም የራሱን ከነስድስት ደብዳቤው፣ ከነአሥራ ሁለት ሥዕላዊ መግለጫው በመጀመሪያው እትም አወጣ።

አንድ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ፕሮግራም የምትሠራ ልጅ ጽሑፍ ላከች። ጉዳዩ ያው የሱ ጉዳይ ነው፤ ደብዳቤ ግን የለውም። ደወለላት።

«ደብዳቤው የታለ?»

«ለጉባኤው አልላክሁትም እኮ ጋሼ። አይቀበሉኝም ብዬ ፈራሁ።»

«አለመቀበላቸውማ የታወቀ ነው። ግን ሕግ ሕግ ነው። መጀመሪያ ላኪና ይመልሱልሽ፣ ከዚያ እኔ አለሁልሽ።»

ላከች። ተቀበሏት።

ሰውዬው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልንሰጠው አንችልም። ልጅቷ ደግሞ ውለታው ከብዷት ለሱና ለሚስቱ የመግቢያ ካርድ ላከችላቸው። በጉባኤው ቀን አምስተኛው ረድፍ ላይ ስህተት ሊለቅም እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ።

ልጅቷ ሥዕላዊ መግለጫ የሚባል አላሳየችም፤ አንድ ታሪክ ነገረች እንጂ። አንዲት ነርስ ለበሽተኛ መድኃኒት ሰጥታ ስትመዘግብ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ቀጣይዋ ተረኛ ነርስ መዝገቡን ባዶ ብታገኘው ደግማ ሰጠችው፤ በሽተኛው ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ፕሮግራሙን እንዴት እንዳስተካከለችው ቀስ ብላ አስረዳች። ተመላሹ እስክሪብቶውን አልከፈተም።

ሰው ሊያጨበጭብ ሲነሳ ሚስቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ያንተ ይሻል ነበር።»

«አይሻልም» አለ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ እየመለሰ። «የኔ ውስጥ እኮ ሰው የለም። ስታርሚው አላየሽም?»

ሚስቱ ተነስታ ማጨብጨብ ጀመረች። አይታ ነበር፤ ያውም ገና በመጀመሪያው ዓመት።